የባዝራዋ ግንባር

ወገቡ ላይ ሽጉጥ ሻጥ አድርጎ የሚንጎራደድ ወንድ ሳይ ያቅለሸልሸኛል። ሽጉጡ ምን በደለ፣ ብረት ነው። የሚያቅለሸልሸኝ ሰውየው ነው፤ በተለይ አንድ ሰውዬ።

የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ። ሰዉ «ዶክተር» ይለኛል፣ ማረም ሰልችቶኝ ተውኩት። አንድ ረፋድ ስልክ ተደወለልኝና ከእንጅባራ በባጃጅ ወደ ጥሊሊ መንገድ ከነፍኩ። አይሱዙ የገጫት ባዝራ ቦይ ውስጥ ወድቃለች። የፊት እግሯ ተሰብሮ አጥንቱ ወጥቷል። ለመነሳት ትፍጨረጨራለች፣ ትወድቃለች፣ ደግማ ትሞክራለች። ባለቤቷ፣ ጋቢያቸውን አውልቀው አንገቷ ላይ ጣል ያደረጉ አዛውንት፣ ራስጌዋ ተቀምጠው በአገውኛ ያባብሏታል። የልጆቻቸውን ሁሉ ሠርግ ያጀቡባት ባዝራ ናት።

«ልጄ፣ የምትድን ከሆነ ንገሪኝ» አሉኝ። «የማትድን ከሆነ ግን አታሰቃዩብኝ።»

እንደማትድን ነገርኳቸው። ክሊኒካችን ውስጥ ያለ ሥቃይ የሚያሳርፋት መርፌ የለም፤ የትል ኪኒን ይዤ ምን ላደርግ? ቢላም አይሞከርም። እኛ አገር ቢላ የሚነሳው ለሚበላ ከብት ነው፤ ፈረስ ማረድ ነውር ነው። አንዱ ጎልማሳ እጁን ኪሱ ከቶ «ተዉአት፣ ማታ ጅብ ይጨርሳታል» አለ። አዛውንቱ ሰሙት። ምላሱን ይቁረጠው!

የቀረው ሽጉጥ ነበር። ባለሽጉጡ ደግሞ ከተሰበሰበው ሰው መሀል ቆሟል። የእህል ነጋዴ ነው፣ ሲሄድ ከሽጉጡ ሆዱ ይቀድማል። ሠርግ በተጠራ ቁጥር ይተኩሳል፣ ጠላ ቤት ሲገባ እንዲታይለት ጃኬቱን ገለጥ አድርጎ ይቀመጣል።

«ጋሼ፣ እባክዎ ይገላግሉልን» አልኩት፤ በአፌ አንቱ፣ በሆዴ አንተ እያልኩ።

«ለባዝራ? የኔ ሽጉጥ ለወንድ ነው» አለ።

ለወንድ! ወንድ ፊት ሲመዘው ያየ ካለ ይምጣና ይመስክር።

ሰዉ አፍጥጦ ሲያየው ጊዜ ግን አፈረና መዘዘው። ከዚያስ? እናቴ ትሙት፣ ወደ ሰማይ ተኮሰ! ልማድ ነዋ፤ እጁ ከሠርግ ሌላ የሚያውቀው አቅጣጫ የለም። ባዝራዋ ደንግጣ በተሰበረው እግሯ ልትነሳ ሞከረች፣ ተመልሳ ወደቀችና አቃሰተች።

«ማስጠንቀቂያ ነው» አለ። ማንን ነው የሚያስጠነቅቀው? ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም አሉ።

የሚተኩስበትን ቦታ ላሳየው ብዬ ቁስል የምቀባበትን ሐምራዊ ቀለም ከቦርሳዬ አወጣሁ። ከቀኝ ዓይኗ ወደ ግራ ጆሮዋ፣ ከግራ ዓይኗ ወደ ቀኝ ጆሮዋ፣ ግንባሯ ላይ ሁለት መስመር አሰመርኩ።

«መስመሮቹ የተገናኙበት ላይ ይተኩሱ። ወደ ዓይኗ ዝቅ ካሉ ያሰቃዩዋታል እንጂ አይገላግሏትም» አልኩት።

አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለና አማተበ። «መስቀል ላይ አልተኩስም!»

«ኧረ መስቀል አይደለም፣ ምልክት ነው!»

«ዓይኔ እያየ? መስቀል ነው።»

ከኋላው ያሉትም ማጉረምረም ጀመሩ። አንዲት ሴትዮ «እውነቱን ነው፣ በመስቀል ቀልድ የለም» አለች። ወይ የኔ ጣጣ! ሰውየው ድሮም መውጫ ቀዳዳ ሲፈልግ ነበር፣ እኔው በገዛ እጄ ሥዬ ሰጠሁት። በጥጥ ላጠፋው ብፈትግ ቀለሙ አልለቅ አለ። ካህን ይጠራ ያለም አልጠፋም። እኛ በዚህ ስንጨቃጨቅ ግማሽ ሰዓት ሄደ፤ ባዝራዋ አንዴ ትፍጨረጨራለች፣ አንዴ ዝም ትላለች። አዛውንቱ አንገቷን ይደባብሳሉ።

በመጨረሻ ትዕግሥቴ አለቀ። «ያምጡት!» ብዬ ሽጉጡን ከእጁ ወሰድኩት። የገበሬ ልጅ ነኝ፣ መተኮስ አባቴ በልጅነቴ አስተምሮኛል። አዛውንቱን «አባባ፣ ዞር ይበሉልኝ» አልኳቸው። ፈንጠር ብለው ቆሙ እንጂ ፊታቸውን አላዞሩም። አፈሙዙን ከግንባሯ ትንሽ አርቄ ወደ አንገቷ አቅጣጫ አዘነበልኩና ተኮስኩ። አንድ ጥይት። እግሮቿ ጥቂት ተንቀጠቀጡ፣ ከዚያ ጸጥ አለች።

ባለሽጉጡ ብረቱን ተቀብሎ በመሐረብ ወለወለው። «የኔ ሽጉጥ አይስትም» አለ፣ ሰዉ እንዲሰማለት ጮክ ብሎ። ፊት ለፊቱ ሳቅሁበት። እንዲህ ያለውን ሰው ከዚህ በላይ ምን ይሉታል?

አዛውንቱ አልሳቁም። በጋቢያቸው ፊቷን ሸፈኑላት። ከዚያ ቀና ብለው አዩ፤ እሱን አይደለም፣ እኔን።

«ታውቂበት ኖሯል፣ ልጄ» አሉ። «ታዲያ እስካሁን ምን ስትጠብቂ ነበር?»

ምን ልበላቸው? ወንድ ስጠብቅ ነበር ልበላቸው?