ሲባዛ ለምን ያንሳል?

የሚኒባስ መስኮት በሰው ትንፋሽ ተሸፍኖ ባየሁ ቁጥር ጣቴ ቁጥር መጻፍ ያምረዋል። ዛሬ ጠዋት ከሮቤ ስመጣም እንዲሁ ሆነ። አጠገቤ ሰው ባይኖር ኖሮ እጽፍ ነበር።

ልማዱ የጀመረኝ ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ቤታችን ሮቤ፣ ትምህርት ቤቴ ደግሞ ጎባ ነበር፤ እናቴም እዚያው አንድ ክሊኒክ ውስጥ ጽዳት ትሠራ ስለነበር ጠዋት ጠዋት አብረን እንሳፈራለን። የእኛን አገር ብርድ ታውቁታላችሁ። መኪናው ውስጥ ናፍጣና እርጥብ ጋቢ ይሸታል፤ የእናቴ እጅ ደግሞ ሁልጊዜ በረኪና በረኪና ይል ነበር።

እናቴ ትምህርቷን ያቋረጠችው እኔን ስትወልድ ነው። እኔ ስድስተኛ በገባሁበት ዓመት ጤና ረዳት ለመሆን ለመግቢያ ፈተና ተመዝግባ ነበር። የከበዳት ባለ ነጥቡ ቁጥር ነው፤ መድኃኒት የሚለካው ደግሞ በእሱ ነው። ስለዚህ አስተማሪዋ እኔ ሆንኩ። መኪናው ሲያንገጫግጭ ደብተር ላይ መጻፍ ስለማይቻል መስኮቱ ሰሌዳችን ነበር።

"ነጥቡን ለጊዜው እርሺው" እላታለሁ፣ የአስተማሪዬን ድምፅ አስመስዬ። "እንደ ሙሉ ቁጥር አባዢና ከነጥብ በኋላ ያሉትን አሃዞች ቆጥረሽ መልሺው።"

አንድ ቀን ስምንትን በዜሮ ነጥብ አምስት እንድታባዛ ሰጠኋት። አርባ ጻፈች፤ ነጥቡን መለሰች፤ አራት ነጥብ ዜሮ ሆነ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

"ስምንት ነበር፤ አባዛነው። እንዴት አራት ይሆናል?"

"ደንቡ ነው።"

"ደንቡስ ይሁን። ሲባዛ ለምን ያንሳል?"

እኔም አላውቀውም ነበር። አላውቅም ማለት ግን አቃተኝ።

"በቃ አንቺ አይገባሽም!" ብዬ ጮህኩባት።

ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አየን። እናቴ በነጠላዋ ጫፍ መስኮቱን ጠረገችውና ውጭ ውጭውን ታይ ጀመር። ጆሮዋ ቀልቶ ነበር።

አጠገባችን ለሕክምና ከገሰራ የመጡ አንድ አዛውንት ገበሬ ተቀምጠዋል። "ኢንተላ ኮ፣ ልጄ" አሉኝ ቀስ ብለው፤ "እናት ላይ አይጮህም።" ከዚያ ወደ እናቴ ዞሩ። "ስምንት ኩንታል ስንዴ የሚሰጥ ማሳ አለሽ እንበል። ዘንድሮ ግማሹን ብቻ ዘራሽ። ስንት ታስገቢያለሽ?"

"አራት።"

"እሱ ነው። ዜሮ ነጥብ አምስት ግማሽ ማለት አይደል? ስምንቱን ሙሉ አልወሰድሽም፤ ግማሹን ነው የወሰድሽው።"

እናቴ ፈገግ አለች። ጎባ ስንወርድ "ገለቶማ፣ አመሰግናለሁ አባቴ፤ እግዜር ይማርዎት" አለቻቸው። እሳቸውም "አላህ ያግዝሽ" ብለው መረቋት። እኔ ግን ወደ ትምህርት ቤት ሮጥኩ።

ማካፈሉን ራሷ ደረሰችበት። ከሳምንት በኋላ መናኸሪያ ቆመን መኪና ስንጠብቅ፣ "ስድስት ክኒን ግማሽ ግማሹ ቢሰጥ አሥራ ሁለት ጊዜ ይበቃል" አለችኝ። "ለዜሮ ነጥብ አምስት ሲካፈል የሚበዛው ለዚህ ነዋ።" እውነቱን ለመናገር ለእኔም የገባኝ የዚያን ቀን ነው።

ፈተናውን አላለፈችም። ከሒሳቡ አንዲት ጥያቄ እንኳ አልሳተችም፤ የጣላት እንግሊዝኛው ነበር። በዓመቱ ታናሽ ወንድሜ ተወለደ፤ ዳግመኛም አልተፈተነችም። ጉልበቷ እስኪደክም ድረስ በጽዳት ሥራዋ ቀጠለች። የጎረቤት ልጆች ግን ሒሳብ ሲጠፋባቸው ወደ እሷ ይመጡ ነበር። መሬት ላይ በእንጨት ማሳ ትስልላቸውና እስኪገባቸው ትጠብቃለች። "አይገባህም" ስትል አንድም ቀን ሰምቻት አላውቅም።

እኔ አሁን ሒሳብ አስተማሪ ነኝ። ባለፈው ዓመት እሷ ምስር ስትለቅም አጠገቧ ተቀምጬ፣ ስንት ዘመን አፌ ላይ የቆየውን አወጣሁት።

"እማዬ፣ ያን ቀን በሰው ፊት የጮህኩብሽን ይቅር በዪኝ።"

ቀና ብላ አየችኝ። ረስታው ይሆናል ብዬ ነበር።

"ያን ቀን እኮ ቁርስ ሳትበይ ነው የወጣሽው" አለች። "ቀኑን ሙሉ አንጀቴን ስትበዪው ዋልሽ።"