አጎቴ ያላዩት ቤት

አጎቴ ከአቦምሳ መጥተው አዳማ የገቡት ሰው እየደበደቡ ነው። መናኸሪያው ውስጥ አንዱ ሻንጣቸውን፣ ሌላው ክንዳቸውን ይዞ «ፋዘር በዚህ፣ ፋዘር ባጃጅ» እያሉ ሲጎትቷቸው፣ ከዘራቸውን አነሡና አንደኛውን እጁ ላይ፣ ሌላውን ትከሻው ላይ አቀመሷቸው። እኔ ስደርስ ሰው ከቧቸው ይስቃል፣ የተመታው ወጣት እናታቸውን ይሰድባል፣ እሳቸው ደግሞ ማንም ወደሌለበት አቅጣጫ ዞረው ይዝታሉ። ቁጣን የወረስኩት ከእናቴ ወንድም ነው ይሉኛል ቤተሰቦቼ፤ አልክድም። ተሳዳቢውን በክርኔ ገፍትሬ ሻንጣውን ነጠቅኩት።

«ጋሼ፣ ሰው ከመኪና እንደወረደ ይደባደባል?»

«በየት በኩል እንደሚመጡ አላያቸውማ» አሉ። «ካላየሁ ቀድሜ እመታለሁ።»

የግራ ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል። ሐኪሞች ግላኮማ የሚሉት፣ ዓይንን በግፊት የሚገድለው በሽታ ነው የበላው። ቀኙም እየጠበበ ሄዶ፣ የቀራቸው በቁልፍ ቀዳዳ የማየት ያህል ነበር። ከፊታቸው የቆመን ሰው አፍንጫውን ካዩ ጆሮውን አያዩም። ሐሙስ ዕለት ሐኪሙ መረመራቸውና ለሰኞ ቀዶ ጥገና ቀጠራቸው። የቀረችውን ብርሃን ሊያተርፋት እንደሚሞክር፣ ግን እስከነአካቴው ልትጠፋም እንደምትችል ሳይሸፋፍን ነገራቸው። አጎቴ አመስግነው ወጡ። በረንዳው ላይ ቆመው «እንግዲያው ነገ ከተማውን አሳዪኝ» አሉኝ።

እኔ ደስ አለኝ። ከተማዬን ለእንግዳ ማሳየት እወዳለሁ፤ ክፉ ሲናገሩባት ግን እጣላለሁ። ዓርብ ጠዋት ባጃጅ ይዘን ወጣን። በመጀመሪያ የአባ ገዳውን አዳራሽ ከመንገድ ማዶ አቁሜ አሳየኋቸው። ከዚያ አዳማ ለጥቂት ዓመታት የክልሉ ዋና ከተማ በነበረች ጊዜ ባለሥልጣን በባለሥልጣን ላይ ይተላለፍባቸው የነበሩትን መሥሪያ ቤቶች አዞርኳቸው። እኔ እንደ አስጎብኚ አወራለሁ፣ እሳቸው «እህ» ይላሉ። ነፋሱ አቧራውን እያነሣ ፊታችን ላይ ይደፋዋል፣ የባጃጁ ሸራ እየተርገበገበ ይጋረፋል። አጎቴ ምንም አልጠየቁም። በመጨረሻ አሮጌው ባቡር ጣቢያ ስንደርስ ውረጂ አሉኝና በተዘጋው በር አጠገብ ቆሙ።

«ይህን ባቡር የማውቀው በጩኸቱ ነው» አሉ። «ይጮሃል፣ ከዚያ ይገርፉኛል። ቆይቶ ደግሞ ይጮሃል።»

በደርግ ጊዜ ታስረው እንደነበር አውቅ ነበር። በእኛ ቤት ይህ ነገር «ጋሼ ሲታመም ጊዜ» እየተባለ ነው የሚነሣው፤ ማንም ዘርዝሮ ነግሮኝ አያውቅም። የዚያን ዕለት ነገሩኝ። ሁሩታ ላይ ወጣት አስተማሪ ሳሉ ከክፍል አውጥተው፣ ዓይናቸውን በጨርቅ አስረው፣ በላንድሮቨር ናዝሬት አመጧቸው። ከአንድ ነጋዴ የተወረሰ ቤት ውስጥ አስገብተው በደረጃ ወደ ምድር ቤት አወረዷቸው። እዚያ ወፌ ላላ ገለበጧቸው። እጅና እግራቸውን አንድ ላይ ጠፍረው፣ ጉልበታቸው ሥር ዱላ አሳልፈው፣ ዘቅዝቀው ሰቅለው ውስጥ እግራቸውን ገረፏቸው። አፋቸው ውስጥ የጎረሱትን ጨርቅ ጣዕም እስከ ዛሬ ያውቁታል። ከዓይናቸው ላይ ያለው ጨርቅ ግን ከገቡበት ቀን እስከ ወጡበት ቀን አንድም ጊዜ አልተፈታም። ሲለቋቸውም እንደታሰረ ወስደው ከከተማ ውጭ፣ መንገድ ዳር ጣሏቸው። ቤቱ የት እንደሆነ የነገራቸው አብሯቸው የታሰረ የከተማው ልጅ ነው።

«ሰው የገራፊውን ፊት ያውቃል» አሉኝ። «እኔ ፊቱንም አላውቅ፣ ግድግዳውንም አላውቅ። በሕልሜ እገባበታለሁ፤ በገባሁ ቁጥር ሌላ ቤት ነው። አንዳንዴ ደብር ያህላል፣ አንዳንዴ ጉድጓድ ነው። ሰኞ ዓይኔ ከጠፋ እስክሞት እንዲህ ልኖር ነው። አንዴ ልየው። በሩን፣ ግድግዳውን ልየውና ይብቃኝ።»

ያ የከተማው ልጅ የሰጣቸውን ምልክት አንድ በአንድ ነገሩኝ። ቤቱን አውቀዋለሁ። አሁን የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። የየትኛው እንደሆነ አልናገርም። ለአንድ ፊርማ ስመላለስበት የከረምኩበት፣ ወረፋ ይዤ የጮኽኩበት፣ አንዱን ጸሐፊ ፊት ለፊት «ደንቆሮ» ብዬ የተባረርኩበት ቤት ነው። ከፎቅ ወደ ታች ስወርድ ከእግሬ ሥር ምን እንደነበረ አንድም ቀን አስቤ አላውቅም። በእሳቸው ገራፊዎች ሳይሆን በራሴ ተናደድኩ፤ ከዚያ በሁሉም ተናደድኩ።

ከግቢው ማዶ፣ የፍሳሽ ቦዩ ጠርዝ ላይ ተቀመጥን። አጎቴ እንደኔና እንደ እርስዎ ቤትን በአንድ ጊዜ አያዩም። ዓይናቸው የት እንዳለ እንዳይጠፋቸው ከዘራቸውን ቀጥ አድርገው ይዘረጉና፣ ጫፉን ተከትለው፣ ቁራጭ በቁራጭ ነው የሚያዩት። አንድ ዓይናቸውን ከእንጨቱ ጋር አስተካክለው ሲያነጣጥሩ፣ ተኳሽ እንጂ ጎብኚ አይመስሉም። ይህን ያስተዋልኩት በኋላ ነው።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«አጥር ነው ጋሼ።»

«ይኼስ?»

«የግቢው በር። ከዘራውን ትንሽ ወደ ቀኝ ያዙሩት። ቤቱ ከበሩ በላይ ነው የሚታየው።»

ያን ሰሞን በየመሥሪያ ቤቱ ጥበቃው ተጠናክሮ ነበር። ዘበኞቹ ጥላቸውንም ይጠራጠራሉ። በሩ ላይ የቆመው ወጣት ከዘራው ወደ እሱ ሲዞር አየና ክላሹን ከትከሻው አውርዶ ጮኸ።

«ካኢ! ካኢ!»

ይህችን ቃል ማስረዳት አለብኝ። ኦሮምኛ ላይ ድምፁን ሳብ ሲያደርጓት «አስቀምጥ» ናት፣ ቆረጥ ሲያደርጓት «ተነሥ» ናት። አማርኛችን እንዲህ ያለ መሳብና መቁረጥ ስለሌለው፣ በአማርኛ ያደግን ሰዎች ሁለቱን እናደባልቃቸዋለን፤ ያገሬው ሰውም ይስቅብናል። አጎቴ ማስተማሩን ትተው አቦምሳ እህል ሲነግዱ የኖሩ ናቸው፤ በገበያ ኦሮምኛ አይታሙም። ዘበኛው «አስቀምጥ» ማለቱን በሌላ ቦታ ቢሆን አይስቱም ነበር። በዚያ ቤት ደጅ ግን ከዚህ በፊት የሰሙት ትእዛዝ አንድ ብቻ ነው፤ ተነሥ።

ተነሡ። ከዘራው እንደተዘረጋ፣ ቀጥ ብለው ቆሙ። እንደውም እሺታቸውን ለማሳየት አንድ እርምጃ ወደፊት ሄዱ።

ኮታቸውን ያዝኩ፤ ጨርቁ ከእጄ አመለጠ። ዘበኛው ልጅ መንገዱን እየሮጠ ተሻገረና በሰደፉ ፊታቸው ላይ አሳረፈው። እርጥብ እንጨት ሲሰነጠቅ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ሰማሁ። ቦዩ ውስጥ ወደቁ፣ ፊታቸው በደም ተሞላ፣ እሱ ግን ሁለተኛ አነሣ። ዘልዬ አንገቱን ያዝኩት። በጥፊ መታሁት፣ ቧጨርኩት፣ የሸሚዙን ኮሌታ ገነጠልኩት። ሌላ ዘበኛ ከኋላ መጥቶ መሬት ላይ ጣለኝና ጎኔን በጫማው ረገጠኝ። መንገደኛው ቆሞ ያያል። አንዲት ሴት «ሽማግሌ ነው እኮ፣ ሽማግሌ ነው» እያለች ታለቅስ ነበር።

ከግቢው አንድ አለቃ ወጣ። የወደቁትን ሲያይ ደነገጠ፣ ወጣቱን ተሳድቦ መሣሪያውን ተቀበለው። «ወደ ውስጥ አስገቧቸው፣ ይታጠቡ፣ መኪና እስኪመጣ» አለ። ክፋት አልነበረውም፤ የሚያደርገው ጠፍቶት ነው። ደሙን ለማቆም ነጠላዬን አጥፌ ሁለቱንም ዓይኖቻቸውን ሸፍኜ አሰርኩት። ሁለቱ ዘበኞች በግራና በቀኝ ደግፈው ወሰዷቸው። እኔ ጎኔን ይዤ ተከተልኩ።

ደጃፉን አልፈው እግራቸው የወለሉን ሸክላ ሲነካ ቆሙ። ጫማቸው በመውደቅ ወልቆ ነበርና በባዶ እግራቸው ነው የቆሙት። የእግር ጣቶቻቸው ወለሉን ዳበሱት።

«ይኼ ነው» አሉ።

ከዚያ የሆነውን በምን ቃል እንደምናገረው አላውቅም። ሊያክሙት ገልብጠው የያዙት በሬ እንደሚጮኸው ጮኹ። አንዱን ዘበኛ በራሳቸው ደረቱን ገጩት። ያ የመታቸው ልጅ እንደገና ሊደግፋቸው እጁን ሲዘረጋ፣ መዳፉን በጥርሳቸው ያዙት፤ አለቃው መንጋጋቸውን እስኪያስለቅቃቸው ድረስ አልለቀቁም። ልጁ እጁን ይዞ መሬት ላይ ተቀመጠ። የቢሮ ሠራተኞች ከየበሩ ብቅ ብለው ያያሉ። ያ «ደንቆሮ» ያልኩት ጸሐፊም ብርጭቆ ውኃ ይዞ ቆሞ ነበር። እኔ «ጋሼ፣ እኔ ነኝ፣ አብሬዎት ነኝ» እላለሁ፤ አይሰሙኝም። አጎቴ ያን ቤት ሊያዩት መጥተው ለሁለተኛ ጊዜ ዓይናቸው በጨርቅ ታስሮ ገቡበት።

የቀኝ ዓይናቸው ፈሶ ነበር። ሰኞ የተደረገው ቀዶ ጥገና ለማዳን ሳይሆን ለማውጣት ሆነ።

እኔ ክስ መሠረትኩ። ልጁን እስር ቤት ሳላስገባ እንደማልተኛ ለሰማኝ ሁሉ ማልኩ። አጎቴ ከሆስፒታል ወጥተው እኔ ዘንድ ሲያገግሙ፣ የልጁ ወገኖች እንደ አርሲ ወግ ሽማግሌዎች ላኩ። ነጫጭ ጋቢ የለበሱ አባቶች ልጁን ከኋላ አድርገው ደጃፌ ላይ ቆሙ። የበሩን መዝጊያ ይዤ እንዳይገቡ ተከላከልኩ። አጎቴ ከውስጥ «አስገቢያቸው» አሉ።

ትልቁ ሽማግሌ «ዲፋማ ልንጠይቅ ነው የመጣነው» ብሎ ጀመረ፤ ይቅርታ ማለት ነው። ስለ ልጁ ወጣትነት፣ ስለ እግዜር፣ ስለ ዝምድና ረጅም ነገር ተናገረ። አጎቴ ፊታቸው በፋሻ ተጠቅልሎ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ አንዱንም እንዳልሰሙ አለፉት።

«ልጁ የታለ?»

«እዚህ ነኝ አባባ» አለ። ጺም እንኳ በወጉ አላበቀለም። የተነከሰው እጁ ተጠቅልሏል።

«ያ ቤት ምን ይመስላል?»

ልጁ ግራ ገባው። ሽማግሌዎቹም ተያዩ። «የትኛው ቤት?»

«የምትጠብቀው። በየቀኑ አይደል የምታየው? ንገረኝ።»

«ባለ አንድ ፎቅ ነው» አለ ልጁ፣ ቃል እየፈለገ። «ቀለሙ ክሬም ነው። ከታች ቡኒ አለው። በረንዳው ላይ ሠራተኞቹ በርበሬ ያሰጣሉ።»

«ስትገባ በስተግራ ወደ ታች የሚወርድ ደረጃ አለ?»

«አለ።»

«እሱን ወርደህ ያለውን ክፍል ምን ያደርጉበታል?»

«የእኛ ነው። ተረኛ ስንሆን እዚያ ነው የምንተኛው። ፍራሽ አለን።»

አጎቴ ፊታቸውን ወደ ድምፁ አዞሩ።

«እንቅልፍ ይወስድሃል?»

«ይወስደኛል» አለ ልጁ። ለምን እንደተጠየቀ የገባው አይመስለኝም።

«ጠጋ በል።»

ልጁ መጥቶ ፊታቸው ተንበረከከ። አጎቴ እጃቸውን ዘርግተው ትከሻውን አገኙ፣ ከዚያ አንገቱን፣ ከዚያ ፊቱን። ሁለት አውራ ጣቶቻቸውን በሁለቱ ዓይኖቹ ላይ፣ በተከደኑት ቆቦች ላይ አሳረፉ። የእህል ጆንያ ሲያነሣ የኖረ እጅ ነው፤ ቢጫኑ የሚያስጥላቸው የለም። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ተነሥቶ ቆመ፤ ሌላው ጋቢውን ይዞ አስቀመጠው። ልጁ አልሸሸም። እኔ ከሁሉም ይበልጥ ቅርብ ነበርኩ፣ እጃቸውን ልይዝ እችል ነበር፤ አልተንቀሳቀስኩም።

«ከእንግዲህ በሕልሜ ስገባበት» አሉት አጎቴ ቀስ ብለው፣ «አንተን ተኝተህ ነው የማገኝህ።»

እጃቸውን አነሡ። ሽማግሌዎቹ መዳፋቸውን ዘርግተው መረቁ፣ ልጁም ጉልበታቸውን ስሞ ወጣ። እኔ ግን እነዚያ ጣቶች እዚያ በቆዩበት ጊዜ ሁሉ በሆዴ «ይጫኑ ጋሼ፣ ይጫኑ» እል ነበር።