የጠፍር አልጋ ያላት ሚኒባስ

ኪዳኑ ሚኒባሷ ውስጥ ተንበርክኮ የመጨረሻውን ወንበር ብሎን ይፈታ ነበር። ብሎኑ ዝጎ ከወለሉ ጋር ተጣብቋል። ጨርቅ በናፍጣ እየነከረ አጠጣውና ጥቂት ጠበቀው። ከዚያ ቁልፉን በሁለት እጁ ይዞ፣ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ገፋው። ብሎኑ ጢጥ አለና ተላቀቀ። ከሌሎቹ ጋር በጣሳ ውስጥ አኖረው፤ ወንበሩንም አቅፎ በጎን በር በኩል ለሚስቱ ለእንቁ አቀበላት።

ከወንበሩ ሥር የቀረውን በመዳፉ ጠረገ። ጥቂት የበቆሎ ፍሬ፣ የፀጉር ሽቦ፣ ክሩ የተበጠሰ መቁጠሪያ ወጣ፤ ደግሞም የሕፃን ልጅ ካልሲ፣ አንድ እግር ብቻ። መቁጠሪያውን ስሞ ደረት ኪሱ ከተተው። ካልሲውን ግን እያገላበጠ ሲያይ ቆየ።

«የማን ልጅ ይሆን?» አለ።

«የማንም ይሁን፣ አሁን ጢም አብቅሏል» አለች እንቁ ወንበሩን ግድግዳው ላይ እያስደገፈች። «ፈልገህ ልታለብሰው አማረህ?»

ኪዳኑ ሳቀና ካልሲውን መስኮቱ ሥር አንጠለጠለው።

ከአርባ ዓመት በላይ ከእንጅባራ ጫግኒ ተመላልሷል። መንገዱ ጠመዝማዛ ስለሆነ ሆዳቸው የሚገለበጥባቸው ሰዎች ነበሩ፤ ለእነሱ ሲል ከመሪው አጠገብ ሁልጊዜ የተቆረጠ ሎሚ ያስቀምጥ ነበር። ማን እንደሚያስመልሰው ስለሚያውቅ፣ ረዳቱ ሳይጠይቀው «እትዬን መስኮት አጠገብ አድርግልኝ» ይላል። በዚህ የተነሣ ስሙ ኪዳኑ ሎሚ ሆኖ ቀረ። ምጥ የያዛትም፣ ሙሽራም፣ ፍየሏን በጆንያ ከትቶ አንገቷን ብቻ ያወጣም ጭኗል። ኪዳኑ ማታ ማታ እግሩን ሲታጠብ «የዛሬዎቹንም በሰላም አገባሃቸው፤ ተመስገን» የማለት ልማድ ነበረው።

ሚኒባሷ አርጅታ ከመስመር ከወጣች በኋላ ግን ከቀርቀሃው አጥር ሥር ቆማ አንድ ክረምት አለፈባት። ሣሩ ጎማዋን ዋጠው። መሳፍንት የሚባል የዳንግላ ብረት ገዢ ሁለት ጊዜ መጥቶ አያት። ጥሩ ሰው ነው፤ የሚያደርገውን አይደብቅም።

«ላሜራዋ ጤነኛ ነው» አለ ጣሪያዋን በጣቱ መታ መታ እያደረገ። «በርም ምድጃም ይወጣታል። ስቆርጣት ማየት ካልፈለግህ ወደ ዳንግላ አስጎትቼ እወስዳታለሁ።»

ኪዳኑ የዚያን ቀን ምሳ አልበላም።

ነገሩ የመኪና ብቻ አልነበረም። አባቱ አድማሴ ከከተማው ወጣ ብለው የሚኖሩ ገበሬ ነበሩ። ዳማ የሚሉት ፈረስ ነበራቸው። በአዊ ምድር ሰው ወደ ለቅሶም ወደ ሠርግም፣ ወደ በዓልም የሚወጣው ፈረሱን ሸልሞ ነው፤ ፈረስ የሌለው ሰው በሰልፉ ጠርዝ ላይ ይቀራል። ኪዳኑ ጎልማሳ ሳይሆን «ሾፌር ልሁን» ብሎ ሲያስቸግር፣ አድማሴ ምንም ሳይናገሩ ዳማን ገበያ አወጡት። በፈረሱ ዋጋ ልጃቸው መንጃ ፈቃድ አወጣ። ከዚያ ወዲያ እሳቸው እስኪሞቱ ድረስ ለቅሶውንም በዓሉንም በእግራቸው ሄዱ። ሰው ሲጠይቃቸው «የእኔ ፈረስ ባለ አራት ጎማ ነው» ይላሉ። ኪዳኑ ፈረስ መግዛት የሚችልበት ጊዜ ሲመጣ ግን አባቱ አልነበሩም።

ሐሳቡ የመጣለት በጥር የፈረሰኞች በዓል ላይ ነው። የሠፈራቸው ፈረሰኞች መሪ ጋሽ ይኸነው ናቸው። ሰባውን አልፈዋል፤ ኮርቻ ላይ ሲሆኑ ግን ዕድሜያቸው አይታወቅም። የሚቸግራቸው ከፈረሱ ወርደው ሲተኙ ነው። የጫግኒ ፈረሰኞች ለጉግስ ጠርተዋቸው ነበርና ጋሽ ይኸነው ዳሌያቸውን እያሹ ለወጣቶቹ እንዲህ ሲሉ ኪዳኑ ሰማ፦

«እናንተ ሂዱ። እኔ መሬት ላይ ከተኛሁ በማግስቱ አራት ሰው ነው የሚያነሣኝ። ፈረሰኛ እየተሸከሙ ወደ ጉግስ አይኬድም።»

ኪዳኑ ቤቱ ገብቶ ሚኒባሷን ዞራት። ሞተሯ ገና ይነሣል፤ ወንበሩ ቢወጣ አልጋ ይገባል። ከአልጋው ሥር ገብስ፣ በግድግዳው ላይ ኮርቻ፣ በኋላ በር በኩል ምድጃና የውኃ ጀሪካን ይሆናል። ፈረሰኞቹ ጉዞ በወጡ ቁጥር የምትከተል ቤት ትሆናለች። በማግስቱ ይህንኑ ለጋሽ ይኸነው ሊነግር ሄደ። ግቢው ውስጥ የነበሩት ፈረሰኞች አላዘኑለትም።

«ፈረስ የሌለው ሰው ለፈረስ ቤት ሊሠራ መጣ» አለ አንዱ።

«ፈረሶቻችንን ሎሚ ልታሸትልን ነው?» አለ ሌላው።

ጋሽ ይኸነው ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቁ። «አንድ ጊዜ እንሞክራት» አሉ። «ጎኔ ከወደዳት ከእኛ ጋር ትኖራለች። ካልወደዳት ግን፣ ኪዳኑ፣ ለብረት ገዢው ስጣት። እንዲህ ሣር እያበቀልህባት ስታያት መክረምህ ለአንተም ጥሩ አይደለም።»

ኪዳኑም ተስማማ። ለመሳፍንት ደውሎ «ከጫግኒ ስመለስ፣ ሰኞ ዳንግላ መጥቼ ቁርጡን በአፌ እነግርሃለሁ» አለው። እንዲህ ያለውን ነገር በስልክ መጨረስ ነውር መሰለው።

ሥራውን የጀመረው ከጎረቤቱ ከሀብቱ ጋር ነው። ሀብቱ ቀርቀሃ ሠሪ ነው፤ ወንበሩም አጥሩም መሶቡም ከእጁ ይወጣል። የኮርቻ መስቀያዎቹን ከወይራ ጠርቦ በጣሪያው ጠርዝ ሥር አሰራቸው። ጀሪካኑ ቧንቧ ተበጀለት። የከሰል ምድጃው በቆርቆሮ ትሪ ላይ ተቀመጠ፤ ምድጃውን ከበሩ ውጭ እንጂ ውስጥ እንዳያነዱ እንቁ ኪዳኑን በማርያም አስማለችው። እሷ ደግሞ የወንበሮቹን ልባስ ፈትታ፣ ያልነተበ ያልነተበውን እየመረጠች ለፍራሽ ሰፋችው። ፍራሹ ቀይና ሰማያዊ ዝንጉርጉር ሆነ። «ተሳፋሪው ሁሉ አንድ ላይ ተኛ» አለች ስትጨርስ።

አልጋው ግን የሁለቱ ወንዶች ኩራት ነበር። አራቱም ጎን ክንድ የሚያህል ቀርቀሃ ነው። መኻሉን እንደ ዱሮው አልጋ በጠፍር ጠለፉት፤ የበሬ ቆዳ በቀጭኑ ተቀዶ፣ በውኃ ርሶ፣ እርስ በርሱ እየተጠላለፈ ተወጠረ። በማግስቱ ሲያዩት ላልቷል። የእንጅባራ ጉም ቆዳ አያደርቅም። ፈትተው አጠበቁት። ሌሊቱን ካፊያ ጣለ፤ ጧት ዳግመኛ ላላ። ሀብቱ እግሩን ቀርቀሃው ላይ ተክሎ ጠፍሩን እስኪጮህ ሳበውና «እንግዲህ ዝሆን ይተኛበት» አለ። ኪዳኑም ተኝቶ ሞከረው። የሚነቀነቅ ነገር አልነበረም።

ፈረሰኞቹ በዋዜማው ፈረሶቻቸውን ይዘው ወጡ፤ በየመንገዱ ዘመድ ቤት አድረው ጫግኒ ይገባሉ። የጋሽ ይኸነውን ፈረስ አንዱ እየሳበ ሄደ። እሳቸው ከኪዳኑና ከሀብቱ ጋር በሚኒባሷ ወረዱ። ከፊት ተቀምጠው የበሩን እጀታ እንደ ልጓም ያዙት፤ በየመታጠፊያውም ሳብ ያደርጉታል።

«ሰማችዎት?» አላቸው ሀብቱ ከኋላ።

«ከአንተ ትሻላለች» አሉ ጋሽ ይኸነው።

ጉሙ ከኋላቸው ቀረ። ኪዳኑ መጀመሪያ ሹራቡን፣ ቀጥሎ ጃኬቱን አወለቀ። እኩለ ቀን ላይ ጫግኒ ዳር ካለው ሜዳ ሲደርሱ ፈረሰኞቹ ሾላ ሥር አርፈው ነበር። ጥላው በፈረሶች ስለተሞላ ኪዳኑ ሚኒባሷን ፀሐይ ላይ አቆማት። ምሳ ተበላ፣ ፈረሶቹ ገብሳቸውን አገኙ፣ ኮርቻዎቹ ወረዱ። ከዚያ ጋሽ ይኸነው ጫማቸውን አወለቁና «እስኪ ይህን አልጋ ልየው» ብለው ወደ መኪናዋ ገቡ። መጋረጃውን ዘጉ።

ሾላው ሥር ያሉት ሁሉ ጆሯቸውን ወደዚያ ጣሉ። ጥቂት ቆይቶ ጥይት የመሰለ ድምፅ ጮኸ። አንድ ፈረስ በርግጎ ተነሣ። ሚኒባሷ ወደ አንድ ጎን ዘመም አለችና ተመለሰች።

«ጣለቻቸው» አለ አንዱ ፈረሰኛ ቀስ ብሎ።

ኪዳኑ ሮጦ መጋረጃውን ገለጠ። የፊተኛው ቀርቀሃ ለሁለት ተሰንጥቋል። ጠፍሩ ወደ ታች ተንጠልጥሎ፣ ጋሽ ይኸነው መኻሉ ላይ እንደ ጤፍ ጆንያ ተቀምጠዋል፤ ጉልበታቸው ከአገጫቸው ጋር ገጥሟል።

«ጋሼ፣ ተጎዱ?»

«ተወኝ።»

«እጅዎን ይስጡኝ፣ ላንሣዎት።»

«ተወኝ እኮ ነው የምልህ። መጋረጃውን መልሰው።»

መለሰው። ወጥቶ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ፀሐዩ አናቱን ሲመታው እንኳ ወደ ጥላው መሄድ አልፈለገም፤ የሰዎቹን ዓይን ማየት አልቻለም። በሐሳቡ የመሳፍንት መጋዝ ላሜራውን ሲበላ ይሰማው ጀመር። ሀብቱ የተሰነጠቀውን ቀርቀሃ በበሩ በኩል ጎንበስ ብሎ አየና መጥቶ አጠገቡ ተቀመጠ።

«ጠፍሩን ነካሁት። ብረት ሆኗል» አለ። «እኛ በእንጅባራ ጉም ላላ ላላ እያልን ሁለት ጊዜ አጠበቅነው። እዚህ ሲደርስ ፀሐዩ ውኃውን መጠጠው። እሱም ተኮማትሮ ቀርቀሃውን ሰበረው።»

«ዕድሜ ልኬን እዚህ ስወርድ ኖሬ» አለ ኪዳኑ። «ሽማግሌ አልጋ ላይ አውጥቼ ከመጣሌ በፊት እንዴት አላሰብኩም?»

«አንተ ስትወርድ ሎሚ እንጂ ጠፍር አልያዝህም።»

ኪዳኑ ሳይወድ ፈገግ አለ። በዚህ መኻል ከመጋረጃው ውስጥ ድምፅ ተሰማ። ሁለቱም አዳመጡ። ጋሽ ይኸነው ያንኮራፉ ነበር።

ጉግሱ ሊጀመር ሲል ነቁ። ወርደው ጫማቸውን አጠለቁ፣ ዳሌያቸውን ዳበሱ፣ ሁለት ጊዜ ሄድ መለስ አሉ። ከዚያ ማንም ሳይደግፋቸው ፈረሳቸው ላይ ወጡ። ኪዳኑ የልጓሙን ሽልማት፣ የቀይ ክሩን ዘርፍ፣ ኮርቻው ላይ የለበሰውን ጨርቅ ጥልፍ አንድ በአንድ አየ፤ የሽማግሌውን ፊት ለማየት ግን ድፍረት አጣ። ጋሽ ይኸነው ያን ቀን ጋሻቸውን ይዘው ሰልፉን መሩ። እንደ ወጣቶቹ ባይጋልቡም እስከ መጨረሻው ከኮርቻ አልወረዱም።

ፀሐዩ በረድ ሲል መጥተው ኪዳኑ የተቀመጠበት ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«በእናቴ ጀርባ ከታዘልኩ ወዲህ እንዲህ ተኝቼ አላውቅም» አሉ።

«አልጋው እኮ ተሰብሮ ነው፣ ጋሼ።»

«ተሰብሮ ነው የተስማማኝ። ደኅና ሳለማ እንደ ሳንቃ ነበር። እንደዚያው ላላ አድርጋችሁ ሥሩት።»

ሽማግሌው ቀጠሉ፦

«አባትህን አድማሴን አውቀዋለሁ። ዳማን ከሸጠ በኋላ በእግሩ ለቅሶ ሲመጣ እኛ ወጣቶች ነበርን፣ ፈረስ መግታት አናውቅበትም ነበር። የዚያን ዘመን መሪያችን ግን አድማሴ ከሰልፉ ሲገባ ልጓሙን ይይዛል። እኛም እንይዛለን። ሰልፉ ሁሉ በአድማሴ እርምጃ ይሄድ ነበር። ወደ ኋላ ቀርቶ እንዳያፍር። ማንም ለማንም አልተናገረም። እሱም ያወቀ አይመስለኝም።»

ኪዳኑ አባቱን በዓይነ ኅሊናው አየ፤ በለቅሶው ሜዳ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ በፈረሶቹ መኻል ራሳቸውን ቀና አድርገው ሲሄዱ። ሁልጊዜ ያያቸው የነበረው በጠርዙ ላይ ሲቀሩ ነበር። እንባው መጣ። ተነሥቶ ለፈረሶቹ የማታ ገብስ መስፈር ጀመረ። ለእያንዳንዱ ፈረስ ሲሰፍር በልቡ «ተመስገን» ይላል። ለጋሽ ይኸነው ፈረስ ሁለት እፍኝ ጨመረለት።

ሲመለሱ ኪዳኑ ፈረሰኞቹን ቀድሟቸው አልሄደም። ዳገቱን ሁሉ በዝቅተኛ ማርሽ ከኋላቸው እየተከተለ ወጣ። ከኋላው የመጡ መኪኖች ጥሩምባ እየነፉ አለፉት፤ አንዱ ሾፌር በመስኮት «ሎሚ፣ ተኛህ እንዴ?» አለው። እጁን አወጣና በደስታ ሰላም አለው።

ሰኞ ጧት ኪዳኑ ለዳንግላ ብሎ የደኅና ቀን ኮቱን ለበሰ። እንቁ ጫማውን በእርጥብ ጨርቅ ወለወለችለት።

«እንደማትሸጣት ለመሳፍንት በደንብ ንገረው» አለችው። «ሁለት ጊዜ መንገድ የመጣ ሰው ነው። አመስግነው።»

«በአፌ ነው የምነግረው።»

በሩን ሲከፍት ሀብቱ ሳፋ ተሸክሞ ሲገባ ተገናኙ። በሳፋው ውስጥ ሌሊቱን ያደረ አዲስ ጠፍር ከነውኃው አለ። በዚህ ጊዜ ቀርቀሃውን ትተው ጠፍሩን ከመኪናዋ ከራሷ ብረት ጋር ሊያስሩት ተስማምተዋል፤ ብረት ቢወጠር አይሰነጠቅም።

«ስመለስ አይሆንም?» አለ ኪዳኑ።

«ረጥቧል እኮ። አሁን ካልታሰረ ይሸታል» አለ ሀብቱ።

ኪዳኑ ኮቱን አውልቆ መሪው ላይ ሰቀለው። ሁለቱ ፊት ለፊት ተንበረከኩ። አንዱ ሲያሾልክ ሌላው ይቀበላል። በየጠለፋው ኪዳኑ ጡጫውን ከጠፍሩ ሥር ያስገባና ልኩን ያያል፤ ጡጫው በደንብ ካልገባ ያላላዋል። ቀኑ እንዲህ እያለ ሄደ። እንቁ ምሳ ይዛ መጣችና ቁጭ ብላ አየቻቸው።

«ዳንግላስ?» አለች።

«ይቺን ዳር ልጨርስና» አለ ኪዳኑ።

ከአስፋልቱ ላይ ወደ ዳንግላ የሚሄደው የመጨረሻው ሚኒባስ ረዳት «ዳንግላ፣ ዳንግላ፣ የሞላ!» እያለ ሲጮህ ተሰማ። እንቁ ባሏን አየችው። ኪዳኑ ግን የጠፍሩን ጫፍ በጥርሱ ነክሶ በሁለት እጁ ቋጠሮ ይቋጥር ነበር።