ከአጥር ውጭ የቀሩት ሐዘንተኛ

በሪሁን ታክሲውን ከፎርት ስኔሊንግ የወታደሮች መቃብር አጥር ሥር አቁሞ ተሳፋሪውን በመስተዋት ያያል። ፈረንጁ ሽማግሌ መቀመጫው የቆረቆራቸው ይመስል ክራቫታቸውን ያጠብቃሉ፣ መልሰው ያላላሉ፤ በሩን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ኮታቸው ላይ የኮሪያ ዘመቻ ሜዳልያ አለ። ማዶ፣ ከሬሳ ሣጥኑ ላይ የተነሣው ባንዲራ ታጥፎ ለሟቹ እህት ሲሰጥ፣ ሽማግሌው ሳይታወቃቸው እጃቸው ለሰላምታ ወደ ግንባራቸው ወጣ።

«ወንድምዎ ናቸው?» ጠየቀ በሪሁን።

«አይደለም። ጦር ሜዳ ተዋወቅን፤ አንድ አልጋ ላይ አረጀን። እህቱ ድርሽ እንዳትል ብላኛለች።»

በሪሁን ሐዘንተኛን ዝም ብሎ ማየት አላደገበትም፤ ኮፍያውን አውልቆ በአማርኛ «እግዜር ያጽናዎት» አለ።

«ምን ማለት ነው?»

«ሐዘን ለደረሰበት ሰው የሚባል ነው።»

ሽማግሌው የበሩን እጀታ ለቀቁ።

«እስቲ ድገምልኝ።»