በመዝሙር ሽፋን

እስቲ ሆሳዕና መናኸሪያ፣ የዱራሜ መኪና ከሚጭንበት ጥግ ትኬት የምትቆርጠውን ሴት ተመልከቷት። የያዘችው መጽሐፍ ሽፋኑ የመዝሙር ነው፤ ውስጡ ግን የፍቅር ልብወለድ። ዓለማዊ መጽሐፍ ታነባለች ከተባለ ከቤተ ክርስቲያኗ ኳየር ያስወጧታል፤ ከኳየሩ ሌላ ደግሞ ሰው የላትም።

መጨረሻው ሲቃረብ መጽሐፉን ትከድንና ፍጻሜውን ራሷ ትጽፈዋለች። ከዚያ ገልጣ ከደራሲው ጋር ታስተያያለች። መጻፍ የተማረችው እንዲህ ነው። አሁን የራሷን ታሪክ ጀምራለች፤ የሚሰማላት ግን አላገኘችም።

ትናንት አንዲት እናት አጠገቧ ተቀምጠው መኪና ሲጠብቁ፣ «የኔ ልጅ፣ ከያዝሽው ለነፍሴ የሚሆን እስቲ አንብቢልኝ» አሏት።

አመነታች። ከዚያ ዓይኗን መጽሐፉ ላይ ተክላ የጀመረችውን የራሷን ታሪክ በቃሏ አለችላቸው፦ «ቻው ሲላት አልመለሰችለትም። ብርድ እንዳይመታው ብቻ የመኪናውን መስኮት ዘጋችለት።»

«አሜን» አሉ እናትየው። ትንሽ ቆይተው ግን፣ «ተመለሰ ወይ?» ብለው ጠየቁ።

ሳትመልስላቸው መኪናው ሞላና ረዳቱ ጠራቸው። እሷም ባዶውን ወንበር እያየች ቀረች።

ፍቅርን መድረክ ላይ ሲሰብኩት የምታጨበጭቡ ሰዎች፣ ልብወለድ ውስጥ ስታገኙት ምን ያስቆጣችኋል? በዚያ ስታልፉ ሽፋኑን አትግለጡባት። «ተመለሰ ወይ?» ብላችሁ ጠይቋት፤ መልሱንም ሳትሰሙ አትሳፈሩ።