ባለ ችካሉ ሰውዬ

ስሙን አላውቅም፤ መጠየቅም አልፈለግኩም። መንግሥት የጂንካን የሣር አውሮፕላን ማረፊያ ሊያሰፋ ነው ተብሎ ከአዲስ አበባ ተልኮ የመጣ ነው። ካኪ ይለብሳል፤ ጫማው ሁልጊዜ እንደተወለወለ ነው። ጭቃ ሲነካው ከሰው ጓሮ የእንሰት ቅጠል ይቀድና ይጠርግበታል፤ አያስፈቅድም። ሰላም ሲሉት ሰዓቱን ያያል። ከማንም ቤት ውሃ እንኳን አይጠጣም፤ እኛም መስጠት ትተናል።

ሥራው ቀይ ቀለም የተቀባ ችካል መትከል ነው። ችካሉ ያረፈበት ቤት ይፈርሳል፤ እንሰቱም ይነቀላል። ትናንት የጎረቤታችን የእማማ ቦሼ ጓሮ ገባ።

«አውሮፕላናችሁ ሣሩ አልበቃው ብሎ እንሰቴን ሊበላ መጣ?» አሉት።

«እማማ፣ ልማት ነው። ቅሬታ ካለዎት ለቀበሌው ጓድ ሊቀ መንበር ያመልክቱ።»

«የእናትህ ቤት ቢሆን ይሄን እንጨት ትተክላለህ?»

ይቆጣል ብዬ ፈራሁ። እሱ ግን መዶሻውን አወረደና በቀስታ፣ «የእናቴም ቤት ለአውሮፕላን ማረፊያ ነው የፈረሰው» አለ።

«እሷስ የት ገባች?»

«ዓመትም አልቆየች። ሞተች።»

እማማ ቦሼ ደነገጡ። «እግዚአብሔር ያጽናህ፣ ልጄ» አሉት።

«አሜን» አለ። ከዚያ ከከረጢቱ አንድ ችካል አወጣና በራቸው አጠገብ መትቶ ተከለው።

እስከ ትናንት ድረስ የጠላሁት የሰው ሐዘን የማይገባው መስሎኝ ነበር። ለካ ይገባዋል።