«ሼማ» የምትል ቃል

ነሲባ ባሕር ማዶ፣ ሄይዋርድ ከተማ ባለ የአረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች። መስኮት ጥግ ያሉት ሽማግሌ አልጋ ላይ ሆነው እንኳ ክራቫታቸውን አይፈቱም፤ ድሮ የዕብራይስጥ መምህር ነበሩ ይባላል። ስልካቸው ሲጠራ ያዩታል እንጂ አያነሱትም።

«የወንድምዎ ልጅ ነው እኮ ከደሴ ኮል የሚያደርገው፤ ያንሱት እንጂ ጋሼ!» አለቻቸው ዛሬ።

«ሼማ» አሉ ቀስ ብለው።

ሸማ የፈለጉ መስሏት ብርድ ልብስ ብትደርብላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«የዕብራይስጥ ቃል ናት ልጄ፤ ‹ምናልባት እንዲህ እንዳይሆን› ማለት ናት። የጥንት ረቢዎች ‹በሰንበት በኩራዝ ብርሃን አታንብብ› ይላሉ። ለምን? ሼማ! ምናልባት ዘይቱ እንዲወርድ ኩራዙን ታዘነብል ይሆናል፤ ያ ደግሞ በሰንበት የተከለከለ ሥራ ነው። ሙግት ላይ ግን አንዱ ‹ባሪ›፣ እርግጥ ነው፣ ብሎ ከመጣ ሼማ ትሸነፋለች።»

ወንድማቸው አገር ቤት በተነሣው ጦርነት መሃል ከጠፋ ሰባት ወሩ ነው። ስልኩን እስካላነሱት ድረስ አልሞተም።

ስልኩ እንደገና ጠራ።

«አንቺ አንሺው» አሉ ስልኩን ወደ እሷ እየገፉ። «የሚሉሽን ግን እንዳትነግሪኝ።»

ነሲባ «ሀሎ» አለች። ሽማግሌው ጆሯቸውን በሁለት እጃቸው ደፈኑ፤ ዓይናቸው ግን ከፊቷ ላይ አልተነቀለም።